ቅዳሜና እሑድ ለሁለት፦ የቤትን ሥራ ተጋርቶ አብሮ ማረፍ



ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሳይነጋገሩ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ ቢባል ማን ያምናል? በእርግጥ «ሽንኩርት አልቋል»፣ «የቤት ኪራይ ደርሷል»፣ «ሕፃኑ ትኩሳት አለው» መባባል በየቀኑ አለ። ነገር ግን «እንዴት ነሽ? ምን አስጨንቆሃል? የዛሬ ዓመት የት መድረስ እንፈልጋለን? የሚቀጥለውን ልጅ መቼ እንውለድ?» ተባብሎ በእርጋታ መወያየት ከዚህ የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ውይይት ጊዜም ቦታም ይፈልጋል። በከተማ ለሚኖሩ ባለትዳሮች ደግሞ ጊዜው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ ነው።

ይሁን እንጂ የሳምንቱ መጨረሻ በብዙ ቤት ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ድርብ ድካም ሆኖ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ የቅዳሜና እሑድን የቤት ሥራ እንዴት መጋራት እንደሚቻል፣ በተረፈው ጊዜ ያለ ብዙ ወጪ እንዴት አብሮ መንሸራሸር እንደሚቻል፣ በሽርሽሩም ላይ ምን መነጋገር እንደሚጠቅም እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው በአማራ ክልል ከሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በተለይም ከዞኑ ዋና ከተማ ከከሚሴ ነው። ትምህርቱ ግን በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በሌሎች ከተሞችም ለሚኖሩ ባለትዳሮች ያገለግላል።

ዕረፍቱ የማን ነው?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አንድ ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ያላረፈ ሰው ይታመማል፣ ይሳሳታል፣ ይቆጣል። ለማጀት ሥራ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። እንጀራው ቅዳሜም ይጋገራል፣ እሑድም ይበላል።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ክፍያ የሌለውን የቤት ውስጥ ሥራና የልጆች እንክብካቤ በአብዛኛው የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸው ታይቷል። ይህን ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግ ይሆናል። በየቤታችን አንድ ቅዳሜ ብቻ በአስተውሎት ብንመለከት ይበቃል።

ሕጉ የጋብቻን ኑሮ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው፣ ቤተሰቡን በመምራት ረገድም እኩል መብት እንዳላቸው ይገልጻል። መደጋገፍ በቃል ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የውሃ ጀሪካን ማን ያነሣል? በሚለው ጥያቄም ይታያል።

አንድ ቅዳሜ በሰዓት ሲቆጠር

ለምሳሌ ያህል በከሚሴ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ባል በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሚስት በትምህርት ቤት ይሠራሉ። ሁለት ልጆች አሏቸው። የባል እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ቅዳሜ የሚጠብቃቸውን ሥራ በወረቀት ላይ እንጻፈው።

ውሃ መቅዳትና ማጠራቀም፦ 1 ሰዓት
ልብስ ማጠብ፦ 3 ሰዓት
እንጀራ መጋገር፦ 2 ሰዓት
እህል ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስፈጨት፦ 1 ሰዓት
የሳምንቱን አስቤዛ ከገበያ መግዛት፦ 2 ሰዓት
ቤትና ግቢ ማጽዳት፦ 1 ሰዓት
ልጆችን ማጠብና ፀጉራቸውን ማበጠር፦ 1 ሰዓት
ምግብ ማብሰልና ቡና ማፍላት፦ 2 ሰዓት

ድምሩ 13 ሰዓት ነው። ሚስት ብቻዋን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትጀምር የምትጨርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ያውም ለአፍታ ሳትቀመጥ! ከዚህ በኋላ ስለ ኑሮ ለመጨዋወት ምን አቅም ይኖራታል? ባል «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ቢላት መልሱ ከወረቀቱ ላይ አለ።

አሁን ደግሞ ሥራውን እናካፍለው። ባል ውሃውን፣ ወፍጮውን፣ ገበያውንና የልጆቹን ገላ ይያዝ። ሚስት መጋገሩን፣ ጽዳቱን፣ ምግቡንና ቡናውን ትያዝ። የልብሱን እጥበት እኩል ይካፈሉት። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢጀምሩ ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከሰዓት በኋላው በሙሉ የሁለቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ክፍፍል ላይ ጥቂት ምክሮችን እንጨምር።

አንደኛ፣ ሥራውን የሚያካፍሉት ዓርብ ማታ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት በጥድፊያ መካከል «አንተ ይህን፣ አንቺ ያንን» መባባል ወደ ጭቅጭቅ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ባል «ላግዝሽ» ከማለት ይልቅ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ይያዝ። የሚያግዝ ሰው ሁልጊዜ እስኪታዘዝ ይጠብቃል። ጆንያው የት እንዳለ፣ በርበሬው ስንት ኪሎ እንደሚበቃ፣ የትኛው ልጅ ሳል እንደያዘው የማስታወሱ ሸክም በሚስት ላይ ይቀራል። ይህ የሐሳብ ሸክም ከጀሪካኑ አይቀልም።

ሦስተኛ፣ ከባድ ዕቃ የማንሣቱን ሥራ ሚስት ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ወይም በቅርቡ ከወለደች ፈጽሞ ለእርሷ አይተዉ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል።

አራተኛ፣ ልጆች እንደ ዕድሜያቸው ይሳተፉ። ወንዱ ልጅ ሰሐን ቢያጥብ፣ ሴቷ ልጅ ከአባቷ ጋር ገበያ ብትሄድ ነገ የራሳቸውን ትዳር ሲመሠርቱ ትምህርት ይሆናቸዋል።

አምስተኛ፣ ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ስለዚህ ልብስ ማጠብንና መጋገርን የመሳሰሉ ሥራዎች ፀሐይ ሳይበረታ ቢጠናቀቁ ይመረጣል።

ገበያና ኪስ

ገበያ መሄድ ከሥራም ከመዝናኛም ይቆጠራል። ባልና ሚስት በወር አንድ ጊዜ እንኳ አብረው ገበያ ቢወጡ ሁለቱም የዕቃውን ዋጋ ያውቃሉ። ባል «የሰጠሁሽ ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የጤፍና የዘይት ዋጋ ፊቱ ላይ ሲነገረው ራሱ ይመለሳል።

ዞኑ በገበያዎቹ የታወቀ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ በአገራችን ከታወቁት ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሮች ከቆላ ግመላቸውንና ፍየላቸውን፣ የደጋ ሰዎች እህላቸውን ይዘው ይገናኙበታል። ባቲ ስሟን ለአንዱ የአገራችን የሙዚቃ ቅኝት ጭምር ያወረሰች ከተማ ናት። ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ ገበያዋ ትታወቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለነጋዴ ባለትዳሮች የገበያ ቀን የዕረፍት ቀን ሊሆን አይችልም። በሰንበቴ እሑድ የምትነግድ እናት «እሑድ እንንሸራሸር» ብትባል ትስቃለች። ስለዚህ ዕረፍቱ የግድ ቅዳሜና እሑድ ይሁን አንልም። ለባቲ ነጋዴ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለሱቅ ባለቤት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ሊሆን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ቀን ለሁለቱ ተለይቶ መታወቁ ነው።

ከገበያ መልስ አምስት ደቂቃ ወስዶ የወጣውን ገንዘብ መጻፍ መልካም ልማድ ነው። ከዕቁብ፣ ከእድር፣ ከቤት ኪራይና ከልጆች ወጪ የተረፈችውን አብረው ይዩ። ከእርሷም ላይ ለሻይ፣ ለለውዝ፣ ለባጃጅ የምትሆን ጥቂት ብር «የሽርሽር» ተብላ ትቀመጥ። ትንሽ ብትሆንም የሁለታቸው መሆኗ ታስደስታለች።

ያለ ብዙ ወጪ መንሸራሸር

ሽርሽር ሲባል ሆቴል መግባትና ብዙ ብር ማውጣት የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። እንዲህ ከሆነማ ለአብዛኞቻችን አይደረስበትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ መጨዋወት ምንም አያስከፍልም። ለሰውነትም ጤና ነው።

ከከሚሴ ዙሪያ የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ ለዓይን የሚስብ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል መጥቶ ይህን ረግረጋማ ሜዳ ያጠጣል። በበጋ ሌላው አካባቢ ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ለግጦሽ ይሰበሰቡበታል። የወፎቹ ዓይነትም ብዙ ነው። ልጆችን ይዞ ከዳር ቆሞ ከብቱንና ወፉን ማሳየት፣ ስለ ወንዙ መነሻና መድረሻ መንገር ከመጽሐፍ የማይተናነስ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ለጤንነት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ውሃው፦ በቦርከና ሸለቆ በቀስታ በሚፈሱና በተኙ ውሃዎች የቢልሃርዚያ በሽታ ሊኖር ይችላል። የበሽታው ትል እንቁላል በሰው ሰገራ ወደ ውሃ ይገባል። በውሃው ባሉ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ይወጣና ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ልጆች እንዲዋኙ ወይም በእግራቸው እንዲገቡ አይፍቀዱ። ከዚህ ቀደም የገቡ ካሉ፣ በተለይ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለባቸው ለጤና ባለሙያ ይንገሩ። በሽታው መድኃኒት አለው።

ትንኙ፦ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ሳይመሽ ይመለሱ። ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኙ። ነፍሰ ጡር እናትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቅድሚያ ይሰጣቸው።

መንገዱ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አስፋልት ከባድ መኪኖች የሚበዙበት ነው። ለእግር ጉዞ የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን ይምረጡ። ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ዘመድ ለመጠየቅ ከታሰበ ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ይህ መስመር በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭት ምክንያት ብዙ ሐዘን አይቷል። ሰላም በሚጠፋበት ጊዜ ሽርሽሩ በግቢ ጥላ ሥር፣ በጀበና ዙሪያ ቢሆንም ሽርሽር ነው።

ለምን ከቤት ውጭ?

አንዳንዶች «ለመጨዋወት ለምን እንወጣለን? ቤታችን እያለ!» ይላሉ። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አያት ምናልባትም በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ባልና ሚስት ጉዳይ የት ተቀምጦ ይነገራል? ሌሊት እንዳይሆን ልጆች ይነቃሉ። ቀን እንዳይሆን እማማ አሉ። ስለዚህ ብዙ ጉዳይ ሳይነገር ይቆያል። ሳይነገር የቆየው ደግሞ በግምት ይወሰናል። ባል «እርሷ ሌላ ልጅ ትፈልጋለች» ብሎ ይገምታል። ሚስት «እርሱ ቢሰማ ይቆጣል» ብላ የክሊኒክ ካርዷን ከልብስ ሥር ትደብቃለች። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሐሳብ አያውቁም። የጎን ለጎን ጉዞ ለእነዚህ ባልና ሚስት በቤታቸው ውስጥ የሌለ አንድ ክፍል ነው።

ጎን ለጎን መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ፊት ለፊት ተፋጦ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ዓይን መንገዱ ላይ ሲሆን ይቀላል። ለምሳሌ ንግግሩ እንዲህ ሊጀመር ይችላል።

ሚስት፦ «ትንሹ ልጃችን ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ስለሚቀጥለው ምን ታስባለህ?»

ባል፦ «እኔማ አንቺ ቶሎ የምትፈልጊ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። አሁን አቅማችን የሚችል አይመስለኝም።»

ሚስት፦ «እኔም ሰውነቴ ገና አልጠነከረም። ትንሽ ቢቆይ ደስ ይለኛል።»

ባል፦ «እንግዲያው ሰኞ አብረን ሄደን እንጠይቃ። እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

ስምንት ዐረፍተ ነገር ብቻ! ነገር ግን ወራት የቆየ ግምት በእነርሱ ፈረሰ።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅሙ ጥቂት እውነቶችን እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት መቆየትን ይመክራል። ይህም በሁለቱ ልጆች መካከል ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ይሆናል ማለት ነው። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ቀኑ ሳያልፍ መወሰድ አለበት። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠው ዘዴ ለዓመታት ይሠራል። የመዳብ ሉፕ ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ይችላል። ሁለቱም ሚስት በፈለገች ጊዜ ይወጣሉ። ኮንዶም ከእርግዝና ብቻ ሳይሆን ከአባላዘር በሽታዎችም ይከላከላል። ለእያንዳንዷ ሴት የሚስማማው የትኛው እንደሆነ፣ በተለይ ለምታጠባ እናት፣ የሚወሰነው ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ነው። ልጅ ፈልገው ላላገኙ ባለትዳሮችም ምክር አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ሞክረው ካልሆነ ሁለቱም አብረው ይምጡ። መካንነት የሴት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ልጅ ማራራቅ ወይም መውለድ ማቆም እየፈለጉ መከላከያ የማይጠቀሙ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከባላቸው ጋር በግልጽ ያልተነጋገሩ ስንቶቹ ይሆኑ?

«ሰው ምን ይለኛል?» እና ሌሎች እንቅፋቶች

ባል ውሃ ሲቀዳ ወይም ልብስ ሲያጥብ ጎረቤት ይስቅ ይሆናል። እናቱም «ልጄን ማጀት አስገባችው» ይሉ ይሆናል። ለእማማ በአክብሮት ማስረዳት የባል ድርሻ እንጂ የሚስት አይደለም። «እማዬ፣ እርሷም እንደ እኔ ሳምንቱን ስትሠራ ነው የከረመችው» ቢላቸው ከልጃቸው አፍ ስለሆነ ይሰሙታል። በአካባቢው ብዙኃኑ ሙስሊም ነው። ነቢዩ መሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሳሉ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ፣ ጫማቸውንም ራሳቸው ይጠግኑ እንደ ነበር በሐዲስ ይነገራል። እንግዲህ የቤት ሥራ ክብርን የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተነገረ ነበር።

ሌላው እንቅፋት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላው የጫት ጨዋታ ነው። ከወዳጅ ጋር መሰብሰብ፣ ዱዓ ማድረግ የአካባቢው ነባር ልማድ ነው። ጓደኛንም ማጣት ጥሩ አይደለም። ነገር ግን ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት በየሳምንቱ እዚያው የሚያልቅ ከሆነ የቤቱ ድርሻ የት ደረሰ? በወር አራት ቅዳሜ አለ። ቢያንስ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ለሚስትና ለልጆች ይሁን። ለጫት የሚወጣውንም ብር በዚያው የወጪ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ቁጥሩ ራሱ ይመክራል።

ሚስቶችም አንድ ነገር እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። ባል የጠበሰው ሽንኩርት ቢያር፣ የገዛው ቲማቲም ቢላሽቅ በሰው ፊት አይሳቅበት። የጀመረ ሰው ይማራል። የተሳቀበት ግን ሁለተኛ አይነካውም።

እሑድ ማታ

ልጆቹ ሲተኙ ሦስት ነገሮችን አብረው ይመልከቱ። የሚቀጥለውን ሳምንት ወጪ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዳይ፣ እንዲሁም የክሊኒክ ቀጠሮ ካርዶችን፦ የእናትን፣ የሕፃኑን ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትልን። ቀጠሮው ማክሰኞ ከሆነ ማን ልጁን እንደሚይዝ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ ዛሬውኑ ይወሰን። ቀጠሮ የሚያመልጠው ሰው ረስቶት ብቻ ሳይሆን ልጁን የሚይዝ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ተራ እየጠበቁ የሚያነቡ እናት ከሆኑ ወደ ቤት ይዘውት ይሂዱና ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። አባት ከሆኑ ደግሞ ዛሬ እዚህ መምጣትዎ ራሱ ጥሩ ጅምር ነው። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይጀምሩት።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ የቅዳሜ ሥራ በሰዓት ቢቆጠር ስንት ይሆናል? የማን ድርሻ ይበዛል?
2. ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሌላው ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ሊይዘው የሚችለው የትኛው ነው?
3. በሳምንት ውስጥ ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን ግማሽ ቀን የትኛው ነው?
4. ከባለቤትዎ ጋር ሳትነጋገሩበት በግምት የቆየ ጉዳይ አለ? በየትኛው መንገድ ላይ፣ በስንት ሰዓት ቢነሣ ይቀላል?